ትራክተር ላይ የበረዶ ቢላ መግጠም፦ ከኋላ፣ ከሎደሩ ወይስ ከሆዱ ሥር?

ባለፈው ኖቬምበር አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ሚኒሶታ ውስጥ፣ ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን የአንድ ሰዓት መንገድ ወጣ ብሎ 5 ኤከር መሬት ከነቤቱ ገዝቷል። በግና ፍየል ሊያረባ ነው። ሻጩ 30 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ያለው ትራክተር ከነሎደሩ፣ ማለትም ከፊት ባልዲ ከሚያነሱት ክንዶቹ ጋር፣ አብሮ ለቆለታል።

«ስማ፣ በረዶ መጥረጊያ ቢላ ላስገጥምለት ነው። ከፊት ይሻላል ከኋላ?» አለኝ።

«የቤትህ መግቢያ ጠጠር ነው አስፋልት?»

«ምን አገናኘው?»

«ርዝመቱስ?»

«ኧረ ወንድሜ! ቢላ ልግዛ አልኩህ እንጂ መሬቱን ልሽጥልህ አልኩህ እንዴ?»

ተሳሳቅን። መልሱ የሚገኘው ግን ከነዚያ ጥያቄዎች ነው። እኔ ከእሱ በፊት ገጠር ወጥቼ፣ ገንዘቤንም ትራክተሬንም አጉድዬ ስለተማርኩ፣ ለእሱ በስልክ ያልኩትን ሰፋ አድርጌ እዚህ ልጻፈው።

ከተማ ውስጥ ስንኖር በረዶ ማለት አካፋ፣ ጨውና የወገብ ሕመም ነው። ገጠር ሲወጣ ሒሳቡ ይቀየራል። 60 ሜትር ርዝመትና 4 ሜትር ስፋት ያለው መግቢያ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር በረዶ ወረደ እንበል። 48 ሜትር ኩብ ማለት ነው። እንደ ጥጥ የቀለለው ዓይነት ከሆነና ሜትር ኩቡ 100 ኪሎ ቢመዝን፣ ወደ 5 ቶን ይጠጋል። ማርች ላይ የሚመጣው፣ ውሃ ያዘለውና ከአካፋ ላይ አልወርድ የሚለው ከሆነ ደግሞ ሜትር ኩቡ 300 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ያኔ ከ14 ቶን በላይ ነው። ለአንድ ጠዋት! እዚህ አገር ደግሞ ሰማዩ አንዳንዴ ይጨክናል። በ1991 የሃሎዊን ዕለት የጀመረው ማዕበል ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ላይ 28.4 ኢንች፣ ዱሉዝ ላይ 36.9 ኢንች ጥሎ ነው የሄደው። 72 እና 94 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በ2022 እና 2023 መካከል ያለፈውን ክረምት ያየ ሰው ደግሞ ታሪክ ማገላበጥ አያስፈልገውም። በድምሩ ከ2 ሜትር በላይ ወርዷል።

ስለዚህ ትራክተር ያለው ሰው ቢላ ማሰቡ ትክክል ነው። የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ቢላውን ሲመርጥ ሳይሆን ማሰሪያውን ሲመርጥ ነው።

ትራክተር ለመሳብ የተፈጠረ ነው

የእርሻ ትራክተር የበሬ ዘመድ ነው። ሥራው መሳብ ነው። ሃሪ ፈርጉሰን የፈለሰፈው ባለ ሦስት ክንድ ማንጠልጠያ በ1939 በወጣው ፎርድ 9ኤን ላይ ተገጥሞ ሲመጣ ዋናው ብልሃቱ ይኸው ነበር። ማረሻው አፈሩን ሲስብ የኋላ ጎማዎቹን መሬት ላይ ይጫናቸዋል። ሥራው በከበደ ቁጥር ጎማው ይበልጥ ይቆነጥጣል። ዛሬ የምንገዛቸው ትራክተሮች ሁሉ ማለት ይቻላል ከኋላ ይህንኑ ሦስት ክንድ ይዘው ነው የሚመጡት።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ሰው አያስተውለውም። ፒክአፕ መኪና ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ ሻንሲ አለው። ቢላው ሻንሲው ላይ ይታሰራል፣ ሻንሲው ይገፋል። የእርሻ ትራክተር ግን በአብዛኛው ሻንሲ የለውም። ፎርድ በ1917 ፎርድሰንን ካመጣ ወዲህ የብዙዎቹ አሠራር ተመሳሳይ ነው። የሞተሩ ብሎክ፣ የፍሪሲዮኑ ቤትና ካምቢዮው እርስ በርስ በብሎን ተያይዘው ራሳቸው ጀርባ አጥንት ይሆናሉ። ቀልጦ የተቀዳ ብረት ነው። ሲጫኑት ይችላል፣ ሲመቱት ይሰነጠቃል።

እንግዲህ ቢላን ከፊት ማሰር ሞፈሩን ከበሬው ፊት እንደ ማሰር ነው። ይቻላል፣ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። ግን ቢላው ድንጋይ ሲመታ ምቱ በየት በኩል አልፎ የት እንደሚያርፍ ማወቅ ግድ ነው። ሦስቱን አማራጭ የምለያቸው በዚህ ነው።

ከኋላ፣ በሦስቱ ክንዶች

ርካሹና ቀላሉ ይህ ነው። አሮጌ የኋላ ቢላ በየገበሬው ጓሮ ሣር ውጦት ታገኛላችሁ። ጥቂት መቶ ዶላር ካላችሁ ይበቃል። አዲሱም ቢሆን ከፊት ከሚገጠመው በዋጋ በጣም ያንሳል።

ስትገዙ ፒኑን ለኩ። ትንንሾቹና መካከለኞቹ ትራክተሮች ምድብ 1 የሚባለውን ይጠቀማሉ። የታችኛው ፒን ውፍረት 7/8 ኢንች፣ የላይኛው 3/4 ኢንች ነው። ምድብ 2 ላይ የታችኛው 1 1/8፣ የላይኛው 1 ኢንች ይሆናል። ትልቁ ትራክተር ትንሹን ቢላ ሊይዝ ከፈለገ ፒኑ ላይ የሚጠለቅ ቡሽ አለ፣ ዋጋው ምንም አይደል። ምድብ 2 ቢላን በትንሽ ትራክተር ማንጠልጠል ግን ፒን የመቀየር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቢላው ራሱ ይከብደዋል።

ስፋቱ ሌላ ነገር ነው። ቢላ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይሠራም። በረዶውን ወደ ጎን ለመጣል ታዞሩታላችሁ፣ ሲዞር ደግሞ ይጠባል። 7 ጫማ ቢላ 30 ዲግሪ ሲዞር 6 ጫማ ብቻ ነው የሚጠርገው። ስለዚህ ዞሮም የኋላ ጎማዎቻችሁን የውጭ ጠርዝ የሚሸፍን ይሁን። ካልሆነ ጎማው ገና ባልተጠረገ በረዶ ላይ ይሄዳል፣ መንገዱም በየዙሩ እየጠበበ ይመጣል።

አገጣጠሙ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ አንድ ነገር ካልዘለላችሁ። ሁለቱን የታች ክንዶች አስገቡ፣ ማያዣ ፒናቸውን አትርሱ። ከላይ መሐል ያለውን ሦስተኛ ክንድ፣ ቶፕ ሊንኩን፣ እሰሩ። ትራክተሩን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ የቀኙን ክንድ ማስተካከያ እያዞራችሁ ቢላውን ከመሬቱ ጋር አመጣጥኑ። ከዚያ ክንዶቹ ወደ ጎን እንዳይወዛወዙ የሚያደርጉትን ካቴናዎች ጠበቅ አድርጉ። የሚዘለለው ይህ ነው። የዞረ ቢላ በረዶ ሲገፋ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ካቴናው ከላላ ጠርዙ ጎማችሁን ይልሳል። በመጨረሻ ቢላውን እስከ ጥጉ አዙራችሁ ወደ ላይ አንሱት። የኋላ ጎማውን ወይም ፓራፋንጎውን የሚነካ ከሆነ አሁኑኑ እወቁት። በጨለማ፣ ከዜሮ በታች 20 ላይ ማወቁ አይመከርም።

ጥቅሙን ከላይ አልኩት። ትራክተሩ እየሳበ ነው የሚሠራው፣ ምቱ ወደ ጠንካራው የኋላ አክስል ነው የሚሄደው። ሎደራችሁ ደግሞ ነፃ ነው። ባልዲውን ይዛችሁ የተከመረውን ትገፋላችሁ፣ በሩ ላይ የቀረውን ታነሳላችሁ።

ጉዳቱም ግልጽ ነው። መጀመሪያ በረዶው ላይ የሚሄደው ጎማው ነው። እርጥብ ከሆነ ይጠቀጥቀዋል፣ ጥቅጥቁ ማታውን ወደሚያንሸራትት ድርቅ ያለ ንጣፍ ይቀየራል። ቢላው በራሱ ክብደት ብቻ ነው መሬቱን የሚጫነው፣ ምክንያቱም በብዙ ትራክተሮች ላይ ሦስቱ ክንዶች ወደ ላይ ያነሳሉ እንጂ ወደ ታች አይገፉም። ስለዚህ ቀላል ቢላ የተጠቀጠቀው ላይ ይንሳፈፋል። አንዳንዱ ሰው ብረት ይጭንበታል፣ ይሠራል። አንገት ደግሞ አለ። ለሁለት ሰዓት ወደ ኋላ እየዞራችሁ ስታዩ ማታ ትራሱ ያውቀዋል።

የኋላ ቢላን 180 ዲግሪ አዙራችሁ ወደ ኋላ እየነዳችሁ መግፋትም ትችላላችሁ፣ ጋራዥ በር ላይ ግድ ይሆናል። በቀስታ ብቻ። እነዚያ ክንዶች ለመሳብ እንጂ ለመገፋት አልተሠሩም። በኃይል ወደ ኋላ ሄዳችሁ የተደበቀ ጉቶ ብትመቱ፣ ቀጭኑ የታች ክንድ ነው የሚጎብጠው።

ከሎደሩ ጫፍ

ይሄ ሁሉም ሰው የሚፈልገው ነው። እኔም ፈልጌው ነበር። ባልዲውን ታወልቃላችሁ፣ ቢላውን ታያይዛላችሁ፣ ፊት ለፊት እያያችሁ ትገፋላችሁ። ሬዲዮው ተከፍቶ፣ ቡናው በቴርሞስ ሆኖ፣ አንገት ሳይዞር። በረዶውን ጎማ ሳይረግጠው ትደርሱበታላችሁ። ቢላውን ከፍ አድርጋችሁ ክምሩን ክምር ላይ ትጭናላችሁ፣ ከኋላ የሚገጠመው ይህን በፍጹም አይችልም።

ማያያዣው ላይ ተጠንቀቁ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ትንንሽ ሎደሮች ስኪድ ስቲር በሚባሉት ትንንሽ ጫኝ ማሽኖች ላይ ያለው ዓይነት ማያያዣ ሰሌዳ አላቸው፣ ቢላውም በዚያው ልክ ይሸጣል። የትራክተር አምራቹ ጆን ዲር በብዙዎቹ ትንንሽ ትራክተሮቹ ላይ የራሱ መንጠቆ ነው ያለው። የድሮ ሎደሮች ደግሞ ባልዲውን በቀጥታ በፒን ነው የሚይዙት። ሳትለኩ አትክፈሉ።

አሁን የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። በሁለተኛው ክረምቴ ከኢንተርኔት ላይ ከአንድ ሻጭ ለሎደር የሚሆን ቢላ ገዛሁ። ያምራል፣ ቀለሙ አዲስ ነው። ሞላ የለውም፣ ድፍን ነው። «ለትራክተር አያስፈልግም» አለኝ፣ አመንኩት። ቢላውን ወደ ቀኝ አዙሬ፣ ከሩጫ ትንሽ ፈጠን ብዬ የመግቢያውን ዳር እየጠረግኩ ነበር። ድንገት ጓ! ትራክተሩ በአንድ ጎኑ ዞረ፣ ቡናው ጭኔ ላይ ፈሰሰ። በረዶ ሥር አንድ የተቀበረ ድንጋይ ከመሬቱ ጋር አብሮ ረግቶ ጠበቀኝ። ወርጄ ሳይ ምንም የለም። ቢላው ሰላም ነው፣ ቀለሙ እንኳ አልተላጠም። ደስ አለኝ።

ደስታዬ እስከ ኤፕሪል ቆየ። ባልዲውን መልሼ ገጥሜ ጋራዡ ወለል ላይ ሳወርደው ግራው ጥግ ሲሚንቶውን ነካ፣ ቀኙ አልነካም። ሁለት ጣቴን ደርቤ ሥሩ ከተትኩ፣ ገባ። የሎደሩ ክንድ ተጠማዟል። እስከ ዛሬ ባልዲዬ ጠማማ ነው፣ አፈር ስደለድል ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

ምን ሆነ? ቢላው ሲዞር አንዱ ጫፉ ወደ ፊት ይወጣል። ድንጋዩን የሚመታው ያ ጫፍ ነው፣ ከትራክተሩ መሐል አንድ ሜትር ያህል ወደ ጎን ርቆ። ሎደር ደግሞ ረጅም ክንድ ነው፣ የተሠራውም ከታች ወደ ላይ ለማንሳት ነው። ከጎን የሚመጣ ጠማዛዥ ምት የሚያርፈው በሁለት ቀጫጭን ክንዶች ላይ ነው። ፍጥነት ይህን ያባብሰዋል። ፍጥነቱን በእጥፍ ስትጨምሩ የምቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። እና ከሎደር ላይ ቢላ የሚገፋ ሰው በእግር እርምጃ ፍጥነት ይሂድ። ከዚያ በላይ ከቸኮለ ሎደሩ ላይ ቁማር እየተጫወተ ነው።

ሞላ ያለው ቢላ ግዙ። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ላይ እንቅፋት ሲገኝ መላው ቢላ ወደ ፊት ይታጠፋል፣ በሞላ ተስቦ ይመለሳል። ሁለተኛው ላይ የታችኛው ጠርዝ ብቻ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ላይኛው ቆሞ ይቀራል፣ የያዘውንም በረዶ አይደፋም። ለአንድ ቤት የትኛውም ይሆናል። ድፍኑ ግን በእኔ የደረሰው ይብቃ።

ቢላውን ከመቀመጫ ሳትወርዱ ለማዞር ተጨማሪ የዘይት መስመር ያስፈልጋል። ሎደሩ ላይ ሦስተኛ ቫልቭ ማስገጠም ትችላላችሁ፣ ወይም ከኋላ ያለውን የዘይት መውጫ በሆዝ ወደ ፊት ማምጣት። በሁለቱ ማዞሪያ ሲሊንደሮች መካከል አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ይግባ። ጫፉ ሲመታ ዘይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸሻል፣ ሆዝ አይፈነዳም፣ የሲሊንደር ዘንግ አይጎብጥም። ያ ቫልቭ በእኔ ቢላ ላይ ቢኖር ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። በእጅ፣ በፒን የሚዞረውም አለ። ርካሽ ነው፣ ግን በእያንዳንዱ መዞሪያ መውረድ ነው። ፒኑ በረዶ ሲይዘው ደግሞ መዶሻ ይዞ መውረድ ይሆናል።

ስትሠሩ የሎደሩን እጀታ ፍሎት የሚባለው ቦታ ላይ አድርጉት። ዘይቱ አይታሰርም፣ ቢላው መሬቱን እየተከተለ ከፍ ዝቅ ይላል። ወደ ታች ከተጫናችሁት የፊት ጎማዎቹ ቀለል ይሉና መሪው አይታዘዛችሁም። ሳትፈልጉ ቀስ በቀስ ወደ ቦይ ትሄዳላችሁ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር አለ። «የፒክአፕ ቢላ በርካሽ አግኝቻለሁ፣ ትራክተሬ ላይ ይገባል?» ይገባል። ሞላ አለው፣ ጠንካራ ነው፣ መኪናው በዝገት ስለሞተ ብቻ የሚሸጥ ብዙ አለ። ማሰሪያ ሰሌዳውን ከገበያ ገዝታችሁ ጥሩ በያጅ ከቢላው ጀርባ ጋር ይበይድላችኋል። ነገር ግን ከቢላው ጋር የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ፖምፓ ተዉት። ሲሠራ ከ100 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል፣ የብዙ ትንንሽ ትራክተሮች ዲናሞ ግማሹን እንኳ አያመነጭም። ባትሪያችሁን በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል። ሲሊንደሮቹን በትራክተሩ ዘይት አሠሩ። ክብደቱንም አስቡ። ሙሉ የፒክአፕ ቢላ ከነማሰሪያው ከ300 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፣ የሎደራችሁ መመሪያ ላይ ያለውን ቁጥር ሳታዩ አትሞክሩ።

ከሆዱ ሥር

ሦስተኛው መንገድ ለትራክተሩ የሌለውን ሻንሲ መስጠት ነው። ሁለት ወፍራም ብረቶች ከፊት ተነስተው በሆዱ ሥር ያልፉና ከኋላ አክስሉ ወይም ከመጎተቻው ሥር ይታሰራሉ። ቢላው ከፊት ነው፣ የሚገፋው ግን የኋላ አክስሉ ነው። ብረት የተቀዳው ክፍል ምቱን አያየውም። ለእኔ ከፊት ከሚገፉት ሁሉ ትክክለኛው አገጣጠም ይህ ነው። የፋብሪካ ማሰሪያ ለትራክተራችሁ ሞዴል ካለ፣ ውድ ቢሆንም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙ።

የማልወደው አለው። ሎደሩን ብዙ ጊዜ ማውለቅ ያስፈልጋል፣ ክረምቱን ሙሉ ባልዲ የላችሁም ማለት ነው። ቢላው ጥቂት ብቻ ነው የሚነሳው፣ ክምር ላይ ክምር አይጭንም። ፌብሩዋሪ ላይ የበረዶው ግድግዳ ከሁለቱም ወገን ሲጠብባችሁ በረዶውን የምትገፉበት ቦታ አጥታችሁ ትቆማላችሁ። ብረቶቹ ደግሞ የትራክተሩን ሆድ ወደ መሬት ያቀርቡታል።

ቤት ውስጥ ልሥራው የሚል ሰው አውቃለሁ፣ ከአንድም ሁለት። እጃችሁ ብየዳ የሚያውቅ ከሆነ ይሠራል። ግን ቢላውን በቀጥታ በሞተሩ ፊት ባለው የተቀዳ ብረት ላይ ብቻ አትሰሩት። የተቀዳ ብረት ላይ አትበይዱ፣ የመገልበጥ መከላከያውን ዘንግ አትብሱ፣ አትበይዱ። ስትበይዱ ባትሪውን ፍቱ፣ የብየዳ ማሽኑን የመሬት ገመድ የብየዳው ቦታ አጠገብ እሰሩ። አለዚያ አዲስ ትራክተር ከሆነ ኮምፒውተሩ ሊቃጠል ይችላል፣ ያኔ የፋብሪካውን ብገዛ ይሻለኝ ነበር ትላላችሁ።

ጠጠር ከሆነ

ለዚህ ነው ወዳጄን መጀመሪያ የጠየቅኩት። አስፋልት ላይ ቢላ መሬቱን ልሶ ይሄዳል። ጠጠር ላይ፣ በተለይ መሬቱ ሳይረጋ ኖቬምበር ላይ የሚወርደውን የመጀመሪያ በረዶ ስትገፉ፣ ግማሹ የምትገፉት ጠጠር ነው። ሜይ ላይ ሣሩ ውስጥ ሬክ ይዛችሁ ትለቅሙታላችሁ። የሣር ማጨጃው ካገኘው ደግሞ ወደ መስኮት ይወረውረዋል።

መፍትሔው ብዙ ነው። ከቢላው ሥር የሚታሰሩት የብረት ጫማዎች ጠርዙን ከመሬት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ያነሱታል። የኋላ ቢላ ካላችሁ 180 ዲግሪ አዙሩትና ወደ ፊት ንዱ። ጎባጣው ጀርባው በጠጠሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይቆፍርም። እኔ የምወደው ግን የቧንቧውን ዘዴ ነው። የ2 ኢንች ብረት ቧንቧ በቢላው ርዝመት ልክ ቁረጡ። በግራይንደር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ስንጥቅ አውጡለት፣ የቢላው ጠርዝ ውፍረት ያህል። ከዚያ ቧንቧውን እንደ ሽፋን ጠርዙ ላይ ሸጉጡት፣ በሁለት ብሎን እሰሩት። ስለታሙ ጠርዝ ድቡልቡል ሆነ ማለት ነው። ጠጠሩ ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል። መሬቱ ሲረጋና መንገዱ ጥቅጥቅ ሲል አውልቃችሁ ጥግ አቁሙት። በ30 ዶላር ቧንቧ ከዚህ የተሻለ ነገር ገዝቼ አላውቅም።

ሌላም ለጠጠር የሚሆን ምክር ይኸው። ኦክቶበር ላይ፣ መሬቱ ገና በብርድ ሳይረጋ፣ የመግቢያውን ዳር በረጃጅም እንጨቶች ምልክት አድርጉ። የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ ማጣሪያ የተቀበረበትንም እንዲሁ። እዚያ ላይ ያለውን በረዶ አትግፉ፣ አትንዱበትም። በረዶው ብርድ ልብሱ ነው። ከተገፈፈ ቧንቧው ይረጋል፣ የዚያን ክረምት ታሪክ ለሰው አታወሩትም።

ክብደትና ጎማ

የቱንም ቢላ ብትመርጡ ትራክተሩ ከተንሸራተተ ዋጋ የለውም። ከፊት ቢላ ከሰቀላችሁ ከኋላ ክብደት ግድ ነው፣ አለዚያ የኋላ ጎማው ባዶ ይሽከረከራል። በሦስቱ ክንዶች ላይ ሲሚንቶ የሞላ ሣጥን ይሰቀላል፣ ወይም ጎማው በፈሳሽ ይሞላል። ውሃ አታድርጉ፣ ይረጋል። እዚህ አካባቢ ከቀይ ሥር ዘመድ፣ ከሹገር ቢት የሚወጣ ፈሳሽ ይሞላሉ። አይረጋም፣ ቸርኬውንም አያዝግም።

ባለ ኢንዱስትሪ ጥርስ ጎማ በረዶ ላይ ደካማ ነው። ትልቅ ጥርስ ያለው የእርሻ ጎማ ጥልቅ በረዶ ላይ ጎበዝ ነው፣ የረጋው ላይ ግን ይንሸራተታል። ለሣር ተብሎ የሚሠራው ለስላሳ ጎማ ሰውን የሚያስገርመው እዚህ ነው። ብዙ ትንንሽ ጠርዝ ስላለው ከሁለቱ ይሻላል። ቁልቁለት ካለባችሁ ግን ካቴና እሰሩ። ከመግዛታችሁ በፊት በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል እጃችሁን አስገቡ። ጡጫችሁ ካላለፈ ካቴናውም አያልፍም።

የበረዶ መንፊያ ማሽንስ? መንገዳችሁ ረጅም ከሆነና ነፋስ የሚቆልለው ክምር ካለባችሁ፣ እሱ በረዶውን አርቆ ስለሚወረውረው ግድግዳ አይሠራም። ግን ከትራክተሩ በደቂቃ 540 ዙር የሚሽከረከር ዘንግ፣ ብዙ ጉልበትና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ጠጠር ከዋጠ ደግሞ ማሽኑ እንዳይሰበር ቀድሞ የሚቆረጠውን ብሎን በየጊዜው መቀየር ነው። የሣጥን ቅርጽ ያለው መግፊያ ደግሞ ለፓርኪንግ ጥሩ ነው፣ ለጠባብ መግቢያ አይሆንም።

እኔ ብሆን

አንድ ቤት፣ ጠጠር መግቢያ፣ ሎደር ያለው ትራክተር ከሆነ፣ ከኋላ ቢላ ከፊት ባልዲ። ሳላመነታ። ሎደር የሌለው የድሮ ትራክተር ከሆነም ከኋላ ቢላና ካቴና። አስፋልት ከሆነና ወደ ኋላ መዞር የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ከሎደሩ ጫፍ ባለ ሞላ ቢላ፣ ማስተንፈሻ ቫልቩ ተገጥሞለት፣ በእርምጃ። ለጎረቤት እየጠረጋችሁ ገንዘብ ልትሠሩበት ካሰባችሁ፣ ከሆዱ ሥር የሚታሰረው የፋብሪካ ማሰሪያ። ለዚያ ደግሞ የኢንሹራንሱን ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የትም ብትገፉ ወደ ሕዝብ መንገድ አትግፉ። በሚኒሶታ ሕግ አንቀጽ 160.2715 ክልክል ነው። ማዶ ላለው ጎረቤት መግቢያ ላይ የሚከመረው የእናንተ በረዶ ደግሞ ከሕጉም በላይ ያጣላል። መጀመሪያ ላይ፣ ዲሴምበር ሳለ፣ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ሰፋ አድርጋችሁ ጥረጉ። መንገዱ ክረምቱን ሙሉ ይጠባል እንጂ አይሰፋም። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ስለሚመጣ ክምሩን በዚያ ወገን አታድርጉ፣ የሚቀጥለውን በረዶ ጠርቶ መንገዳችሁ ላይ ይጥለዋል።

ሥራ ስትጨርሱ ቢላውን መሬት አሳርፉ፣ በአየር አትተዉት። ሆዝ የሚያፈስ ከመሰላችሁ በእጃችሁ አትዳብሱ፣ ካርቶን አስጠጉ። በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ቀልድ አይደለም።

ወዳጄ አሮጌ የኋላ ቢላ በ350 ዶላር ገዛ። ዝገቱን አብረን ፋቅን፣ ቧንቧውን አብረን ሰነጠቅን። ጃንዋሪ ላይ ደወለ።

«መንገዱ ንጹሕ ነው። የካውንቲው ማሽን ደጄ ላይ የተወልኝን ግድግዳ በባልዲው አነሳሁት።»

«ጠጠሩስ?»

«አንድም አልወጣም።» ትንሽ ዝም አለ። «አንገቴ ግን…»

ቅዳሜ ሄጄ ከአሮጌ መኪና የወለቀ የጎን መስታወት ፓራፋንጎው ላይ በሁለት ብሎን አሰርንለት።